የቀይ ባሕርን ጥልቀት ከሚኒያፖሊስ እንዳመጣሁ

ፎዚያ፣ እንደምናገረው ጻፊ፤ ማሳመር የለም። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ያንቺ እጅ ግን ይሮጣል። ከመጣሁ ጀምሮ የሰፈሩ ሰው «አሜሪካ እንዴት ናት?» እያለ ይመጣል፤ ሁሉም የሚጠይቀኝ ስለ ሕንፃና ስለ መኪና ነው። ያየሁትን ቁም ነገር የጠየቀኝ የለም። አንዴ ከሥሩ ልናገረውና ተጽፎ ይቀመጥ። እዚያ የማይደርሰው ሰው አንቺ እያነበብሽለት ይሂድ።

የሄድኩት ልጄን ሐያትን ላያት ነው፤ አክስትሽን። አሰብ ነው የወለድኳት። አባቷ ሰይድ ወደቡ ላይ ጫኝና አውራጅ ነበር። ጦርነቱ ሲበረታ ወደ ደሴ ተመለስን፣ ሰይድም እዚሁ አረፈ፣ አላህ ይማረው። ሐያት በጅቡቲ በኩል አድርጋ አሜሪካ ገባች። መጀመሪያ የዩኒቨርሲቲ ክፍል ታጸዳ ነበር፤ እያጸዳች ተማረች፤ አሁን እዚያው ኮምፒዩተር ላይ ትሠራለች። ሥራሽ ምንድን ነው ስላት በስልክ «የባሕር ልኬት ነው እማዬ፣ ስትመጪ አሳይሻለሁ» ትለኛለች። መምህሩ ጎረቤታችን ደግሞ ካርታውን ዘርግቶ «እሷ ያለችበት አገር'ኮ ባሕር የለም» አለኝ። ልጄ ዋሸችኝ እንዴ? እንዲህ እያልኩ፣ ልቤ ውስጥ ትንሽ ነገር ይዤ ነው የተነሳሁት።

ማክሰኞ በአውቶቡስ ከደሴ ወጣሁ። ሸዋ ሮቢት ምሳ ወረድን፤ ሙቀቱ ለጉድ ነው፣ ፓፓያ በላሁ። ጣርማ በር ላይ ደግሞ ጉሙ መንገዱን ዋጠውና ሾፌሩ እየዳሰሰ ነው የሄደው። በርበሬዬን በጣሳ አሽጌ ጭኔ ላይ አስቀምጬ አዲስ አበባ ድረስ አልለቀቅኩትም።

ሐሙስ አይሮፕላን ተሳፈርኩ። የሐያት ጓደኛ በእንግሊዝኛ የጻፈችልኝን ካርቶን አንገቴ ላይ አንጠለጠለችልኝ፤ እንደሚላክ ዕቃ። ሥጋውን ስለማላውቀው አልበላሁም፤ ዳቦና ቆሎዬን ቆረጠምኩ። መሀል ላይ አይሮፕላን የሚቀየርበት አገር ስንወርድ ራሱ የሚሄድ ደረጃ አለ። ሰው ሁሉ እየወጣ ይሄዳል፣ እኔ እግሬ እምቢ አለ። አንዲት መጥረጊያ የያዘች ሴት አየችኝ፤ መጥረጊያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ እጄን ይዛ፣ እንደ ሕፃን አስረግጣ አሳለፈችኝ። ቋንቋዋን አላውቀው፣ ቋንቋዬን አታውቀው። መረቅኳት፣ ራሷን ነቀነቀች።

አርብ ሚኒያፖሊስ ገባሁ። ፈታሹ የበርበሬዬን ጣሳ ከፍቶ አፍንጫውን አስጠጋ። አስነጠሰ፣ ደገመ፣ ሰለሰ፤ ከዚያ ዓይኑን እየጠረገ በእጁ ሂጂ፣ ሂጂ አለኝ። ውጭ ሐያትና ባሏ ከድር፣ ልጃቸው ሰሚራም ቆመዋል። ለቅሶው ይቅር። ከድር ታክሲ ነው የሚነዳው፤ ካፖርት ይዞ ጠበቀኝ። «እማማ፣ ይሄ ገና ብርድ አይባልም» አለኝ። እኔ ጥርሴ እየተንገጫገጨ ነው!

ከተማው ሜዳ ነው። ዓይን የሚያርፍበት እንደኛ ጦሳ ተራራ የለም፤ የሐረጎ ዳገት የለም። ቤታቸው ሴዳር ሪቨርሳይድ ነው፤ ሕንፃው ራሱ ተራራቸው ነው ማለት ይቻላል። ሊፍት ውስጥ ሱማሌውም፣ ኦሮሞውም፣ የወሎ ልጅም ይገናኛል፤ አንዷማ የቦሩ ሜዳ ልጅ ሆና ተገኘች፤ በሩ እስኪዘጋ ተሳሳምን። ሰሚራን በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። እኔም በአማርኛ እቀጥላለሁ። ተግባባን እንጂ።

ቅዳሜ ከድርና ጓደኞቹ ከገበሬ ቤት በሬ ገዝተው ራሳቸው ሊያርዱ ሲሄዱ እኔንም ወሰዱኝ። ሀላል ሥጋ በየሱቁ እንደልብ ስለማይገኝ እንዲህ ያደርጋሉ። ገበሬው ረጅም ቦቲ ያደረገ ሽማግሌ ነው። ከድር ቢስሚላህ ብሎ ሲያርድ ሽማግሌው ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ፤ ለኔ ከቤቱ ወንበር አምጥቶ ወተት ሰጠኝ። ወተቱ ቀጭን ነው፣ ሰውየው ግን ወፍራም ሰው ነው፤ የኛን አገር ባላገር አስታወሰኝ።

ሥጋው ከፍሪዘር ተረፈ። እሁድ ዘልዝዬ ከመስኮቱ እስከ በሩ ገመድ ወጠርኩና ሰቀልኩት። ከድር ከሥሩ ጎንበስ ብሎ እያለፈ «እማማ፣ የሕንፃው ማናጀር ቢመጣ መጋረጃ ነው እንለዋለን?» አለኝ። ሐያት ግን አወረደችው። «አይቻልም እማዬ፣ እዚህ ሕግ አለ።» ሥጋዬ እንደገና ፍሪጅ ገባ። ቅር አለኝ። ሐያት ምሳ የምትበላው ቆማ ነው፤ ቋንጣ ቢኖራት ኪሷ ውስጥ ይዛ ትሄድ ነበር።

ሰኞ ሥራዋ ቦታ ይዛኝ ሄደች፤ በእግር ቅርብ ነው። ምድር ቤት ወረድን። አንድ ክፍል ሙሉ መደርደሪያ ነው፤ መደርደሪያው ላይ እንደ ካሴት ክር ያለ፣ ግን ሰፊ፣ ሰፌድ በሚያክል ክብ ላይ የተጠቀለለ ነገር ተደርድሯል።

«ባሕሩ የታል?» አልኳት።

«ይኸው ነው እማዬ። መርከብ እየሄደ ወደ ታች ድምፅ ይልካል፤ ድምፁ ከሥር ያለውን መሬት መትቶ ይመለሳል። ቶሎ ከተመለሰ ጥልቀቱ ትንሽ ነው፤ ከዘገየ ገደል ነው። የተመለሰውን ሁሉ በዚህ ክር ቀድተውታል።»

«ጉድጓድ ውስጥ ድንጋይ ጥለን እንደምንሰማው?»

«ልክ እንደሱ!» አለችና ከታች ያሉትን ጥቅሎች ነካች። «አሰብ የመጣው ነጭ መርከብ ትዝ ይልሻል?»

ትዝ ይለኛል እንጂ! ሰይድ ከወደቡ ሲገባ እየሳቀ «መረብ የሌላቸው ዓሣ አጥማጆች መጥተዋል። ቀኑን ሙሉ ውሃው ላይ ይመላለሳሉ፣ አንድ ዓሣ አያወጡም» ይለን ነበር። ሐያት ትንሽ ልጅ ሆና ትከሻው ላይ ተቀምጣ አይታዋለች።

«የነሱ ክር ነው» አለችኝ። «ሌላ ቦታ ቅጂ የለውም።»

ከዚያ ችግሩን ነገረችኝ። ክሩ በእርጅና እርጥበት ጠጥቷል፤ ተጣብቋል። እንዲሁ ቢዞር ቅርፊቱ ይላጥና ያለው ሁሉ ይጠፋል። ለብ ባለ ሙቀት ማድረቅ፣ ከዚያ ሳይውል ሳያድር ወደ ኮምፒዩተር መገልበጥ ነው። የሚያነበው አሮጌ ማሽን ደግሞ የውሰት ነው፤ አርብ ባለቤቶቹ መኪና ልከው ይወስዱታል። ክፍሉም ለሌላ ሥራ ይፈለጋል። አለቆቹ ይጣል ብለው ነበር። ሐያት ስብሰባ ላይ ተነስታ «እኔ አስነብበዋለሁ» አለች።

«በሰው ሁሉ ፊት ነው የተናገርኩት፣ እማዬ። አርብ ድረስ ካልተነበበ ቆሻሻ ውስጥ ነው የሚገባው።»

ልጄ ዋሽታኝ አልነበረም። እንዲያውም ባሕር በሌለበት አገር ባሕር ልታድን ቆማለች። ያን ልቤ ውስጥ የነበረውን ነገር እዚያው ምድር ቤት ጥዬው ወጣሁ።

ማታ ዉድበሪ ከሚባል ሰፈር፣ ከሱቅ አንድ ካርቶን ይዛ ገባች። «ማድረቂያ ነው እማዬ፣ ነገ...» ስትል ስልክ ጮኸ፤ ነገሩ እዚያው ቀረ።

ማክሰኞ ሁሉም ወጥተው ብቻዬን ነኝ። ካርቶኑን አየሁት። እኔ ጽሑፍ አላነብም፣ ሥዕል ግን አነባለሁ። የተቆራረጠ ፖም አለበት፤ ከጎኑ ደግሞ የተዘለዘለ፣ ጠቆር ያለ፣ የደረቀ ሥጋ። ቋንጣ! ያረብ፣ ልጄ ቅር ማለቴን አይታ ለኔ ብላ ገዛች አልኩ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ማሽኑን አወጣሁት፤ ተደራራቢ ትሪ ነው፣ የሚጫኑትም ቁልፍ አንድ ብቻ። ሥጋዬን በጨው፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በበርበሬ አሽቼ ደረደርኩበት። ወላሂ ፎዚያ፣ የደሴን ፀሐይ ያስንቃል። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ የጫፍ የጫፉ ተሰበረልኝ።

ሐያት ከሥራ ስትመለስ በሩን እንደከፈተች ቆመች። ሽታው ሊፍቱ ድረስ ወርዶ ተቀብሏታል።

«እማዬ... እሱ ምንድን ነው?»

«ቋንጣ ነዋ! አላህ ይስጥሽ፣ ግሩም ማሽን ነው!»

ካፖርቷን እንደለበሰች መሬት ላይ ተቀመጠች። «የክሩ ማድረቂያ'ኮ ነው» አለች፤ ድምፅዋ ቀጠነ። ለክር ተብሎ የተሠራው ምድጃ ውድ ስለሆነ፣ በዚህ ሥራ ያሉ ሰዎች ሁሉ ይሄንኑ የምግብ ማድረቂያ ይጠቀማሉ። ለዚህ ነው የገዛችው፤ ዛሬ ሙቀቱን ልትሞክር።

ከድር ገባ፤ ሽታውን ሳበ፤ ነገሩ ገባው። «ወይኔ! ቀይ ባሕርን በበርበሬ አሸሽው እማማ!»

ሐያት አየችው። እጅጌውን ሰበሰበ።

አጠብነው። በሳሙና፣ በሙቅ ውሃ፣ በሎሚ፤ ሐያት ጣቷን ትሪው ላይ ታሻሽና ታሸታለች። «ቅባት ክሩን ከነካ አለቀ» ትላለች። ትሪው ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፤ በርበሬ የገባበት ቀዳዳ ደግሞ ታውቂዋለሽ። ከድር ሌላ እንግዛ ብሎ ይዞን ዉድበሪ ነዳ። መደርደሪያው ባዶ ነው። ሌላ ሱቅ ሄድን፤ ባዶ። ሻጩ አጋዘን የሚታደንበት ወቅት ነው አለ፤ ሰዉ ሁሉ አጋዘኑን ዘልዝሎ ለማድረቅ ገዝቶ ጨርሶታል።

ከድር መሪውን ይዞ ሳቁ አመለጠው። «እማማ፣ ሚኒሶታ በሙሉ ቋንጣ እየሠራ ነው!»

ሐያትም ሳቀች፤ ስቃ ስቃ አለቀሰች። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ። ከስንት አገር መጥቼ የልጄን ቃል በርበሬ ውስጥ ልከትተው?

ቤት ስንገባ ለአለቃዋ ለካረን ልትደውል ስልኩን አነሳች። «ማሽኑ ተበላሸ በያት፣ ቋንጣውን ምን አመጣው» አልኳት።

«አይሆንም እማዬ። በኛ ሥራ የሆነው ነው የሚነገረው።»

ነገረቻት። የካረን ሳቅ በስልኩ ውስጥ እኔ ጋ ድረስ ተሰማኝ። ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ የሚኖሩ አክስት አሏት፤ ዶሪስ ይባላሉ፤ ማድረቂያ አላቸው አለች።

ረቡዕ ጠዋት ሄድን፤ በረዶ እንደ ጥጥ ብን ብን ይላል። ዶሪስ በኔ ዕድሜ ናቸው፤ ቤታቸው ከሚሲሲፒ ወንዝ በላይ ጉብታ ላይ ነው። በዚያ ሁሉ ሜዳ መጀመሪያ ያየሁት ጉብታ! ወንዙን አይቼ ቦርከናን ልመስለው ብዬ አፈርኩ፤ አይገናኝም፣ ይሄ ባሕር ነው።

ሐያት በፍርሃት «ሥጋ ደርቆበት ያውቃል?» ብላ ጠየቀቻቸው። ሴትዮዋ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው የመለሱትን ሐያት ተረጎመችልኝ። «የባሌ አጋዘን በኔ ማሽን? በሕይወቴ አይሞከርም! እሱ ጋራዥ ውስጥ የራሱ አለው። በኔ የሚደርቀው ያትክልቴ ፖም ብቻ ነው።»

ፖማቸው ገና በትሪው ላይ ነበር፤ ግማሽ ደርቋል። ሳያቅማሙ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ገለበጡት። ደሴ ወንፊት እንደምንዋዋሰው ነው በይ። እኔ ባዶ እጄን አልሄድኩም፤ ያንን ጉደኛ ቋንጣ በላስቲክ ቋጥሬ ይዤ ነበር። ዶሪስ አንድ ጎረሱ። ዓይናቸው እንባ ሞላ፣ ውሃ ጠጡ፣ ተንፈስ አሉና እጃቸውን ዘረጉ፤ ድገሚኝ ነው! እጄን ይዘው በራሳቸው ቋንቋ ብዙ አወሩኝ፤ ሐያት ልትተረጉም ስትል ተይው አልኳት። ገብቶኛል።

ክሩ የዚያኑ ቀን ማድረቂያ ውስጥ ገባ። ካረንና ሐያት ተራ በተራ ሙቀቱን ሲጠብቁ ሐሙስም አለፈ። ካረን ፀጉሯ የሸበተ፣ ቀጭን ሴት ናት፤ በኔ ላይ አንድም ቀን ፊቷን አላጠቆረችም። እኔ ሶላቴን ሰግጄ ክሩን ጨምሬ ዱዓ አደረግሁ። ለክር ዱዓ ያደረገ ሰው አላውቅም።

አርብ እኔም ልየው ብዬ ሄድኩ። ማሽኑ ቁም ሣጥን ያህላል። ሐያት ጥቅሉን እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጇ አቅፋ ሰካችው፤ ዞረ። ኮምፒዩተሩ ላይ ቁጥር እንደ ጉንዳን ይፈስ ጀመር። አንዱ አለቀ፤ ሌላው ተሰካ። መሀል ላይ አንዱ እንደ በር ማጠፊያ ጮኸ። ሐያት ብድግ ብላ አቆመችው፤ ማሽኑን በጥጥ ጠረገችው፤ ከንፈሯን ነክሳ እንደገና አዞረችው።

«አብሽሪ ልጄ» አልኳት።

«አብሽር እማዬ» አለችኝ ሳታየኝ፤ ለወንድ ይሁን ለሴት መናገሯ ጠፍቷት።

የነጩ መርከብ የመጨረሻው ጥቅል ገና ሳይነካ፣ ማሽኑን የሚወስደው ሰውዬ ጋሪ እየገፋ ገባ። ትከሻው በር የሚያክል ነው። ሰዓቱን ያሳያቸዋል፣ ካረን ትለምነዋለች። እኔ ምን አቅም አለኝ? ቦርሳዬን ከፈትኩና ወንበሩን አሳየሁት፤ ተቀመጥ ልጄ አልኩት፣ በአማርኛ። ቋንጣ ሰጠሁት። አሸተተ፤ ጎረሰ። ፊቱ ቲማቲም ሆነ። ካረን ውሃ አመጣች፤ እሱ ጠጥቶ እጁን እንደገና ዘረጋ። እንዲህ እያልን፣ እሱ ሲቃጠልና ሲጎርስ፣ የመጨረሻው ጥቅል ዞሮ አለቀ።

ሐያት የሆነ ነገር ነካች። ኮምፒዩተሩ ላይ አንድ መስመር ከጥልቁ ተነስቶ መውጣት ጀመረ። ትንሽ ይወጣል፣ ይሰበራል፣ ደግሞ ይወጣል።

«ሐረጎን ይመስላል!» አልኩ ሳላስበው። ልክ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስንወጣ!

«እማዬ፣ ይሄ ከጥልቁ ወደ አሰብ ነው። እዚህ ጋ፣ ጫፉ ላይ፣ ወደቡ ነው።» ጣቷን መስመሩ ጫፍ ላይ አሳረፈች። «አባዬ እዚህ ጋ ነበር የቆመው።»

ያ ሰይድ የሳቀበት መርከብ ያጠመደውን ልጁ አወጣችው። ካረን አቀፈቻት። ጋሪ የያዘው ሰውዬ ምን እንደሆነ ሳያውቅ አጨበጨበ።

«አሁን ለማን ትሸጡታላችሁ?» አልኳቸው።

«አይሸጥም» አለች ሐያት። «ለጠየቀ ሁሉ ነው። ኢንተርኔት ያለው ከዚያ ይወስዳል፤ ለሌለው በሲዲ እንልካለን። አስመራም፣ ጅቡቲም፣ የመንም፣ አዲስ አበባም። ባሕሩ ለሁላቸውም አንድ ነው።»

ያን ሁሉ ለፍቶ በነፃ! መጀመሪያ ገረመኝ። ኋላ ዶሪስ ፖማቸውን ሲገለብጡ ትዝ አለኝ።

ካረን ግን ቁጭ ብላ መጻፍ ጀምራለች። ሐያት አየችና ሳቋን ዋጠች። ለካ ደንባቸው ነው፤ ክሩ ላይ የተደረገው ሁሉ ከልኬቱ ጋር ተጽፎ አብሮ ይሄዳል። መርከቡ፣ የለካው ሰው፣ ያደረቀው፣ ያነበበው። ሐያትም ስሟ ገባ፤ ዶሪስም።

«የኔ ቋንጣስ?» አልኩ እየፈራሁ።

«እሱም ይጻፋል እማዬ። የመጀመሪያው ማድረቂያ ለምን እንደተቀየረ።»

«ስሜን ከቋንጣ ጋር በዓለም ልትበትኑት ነው?»

ካረን የመለሰችውን ሐያት ነገረችኝ፤ «የሆነውን ከደበቅን፣ ነገ የጻፍነውን ቁጥር ማን ያምነናል?» እሺ አልኩ።

ከዚያ ወዲያ የቆየሁበትን ጊዜ ሰው ጠርቶኝ፣ በረዶ ረግጬ፣ ሰሚራን «ሐረጎ» ማለት አስተምሬ ጨረስኩ። ስመለስ ሐያት አንዱን ሲዲ ሰጠችኝ። «በፖስታ ከምልከው አንቺ አድርሺልኝ» አለች። በፎጣ በፎጣ ጠቅልዬ፣ ደረቴ ላይ ይዤው መጣሁ። ያንን የሚሄድ ደረጃም በዚህኛው ጉዞ ማንም ሳይዘኝ ወጣሁት፤ ባሕር የያዘ ሰው ደረጃ ይፈራል?

አዲስ አበባ፣ ሐያት የነገረችኝ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። መነጽር ያደረገ ወጣት ተቀበለኝ። ሲዲውን ሲያይ «እናቴ፣ መዝሙር ነው መንዙማ?» አለኝ።

«የቀይ ባሕር ጥልቀት ነው» አልኩት።

ሳቀ። የላከችው ማን እንደሆነች ስነግረው ግን ሳቁን ተወ፤ ሲዲ የሚያነበው ኮምፒዩተር ያለው አለቃው ክፍል ነውና ይዞኝ ገባ። ከፈቱት። ያ መስመር ወጣ፤ የኔው ሐረጎ። ልጁ ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። ይሄንን ልኬት ሲፈልጉት እንደኖሩ፣ ጠፍቷል ብለው ተስፋ እንደቆረጡ ተነጋገሩ። አለቃው ሌሎቹን ጠራ፤ ክፍሉ በሰው ሞላ። የልጄን ስም ጮክ ብለው አነበቡት፤ ሐያት ሰይድ። የሰይድ ስም እዚያ ክፍል ውስጥ ሲጠራ የተሰማኝን፣ ፎዚያ፣ እሱን መጻፍ አትችይም፤ እለፊው።

ልጁ ማንበቡን ቀጠለ። ድንገት ቆመ። ተመልሶ አነበበ። መነጽሩን አውልቆ አየኝ።

«እናቴ፣ ይቅርታ... እዚህ ላይ የመጀመሪያው ማድረቂያ፣ ወይዘሮ ዘሀራ የሚባሉ ቋንጣ ስላደረቁበት፣ በሌላ ተተካ ይላል። ይሄ ነገር እውነት ነው?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ሻሼን አስተካከልኩ። ተነሳሁ። ከቦርሳዬ ላስቲኩን አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ፣ ኮምፒዩተሩ አጠገብ አስቀመጥኩት።

«እውነት ነው» አልኩ። «ዘሀራ እኔ ነኝ። ቋንጣውም ይኸውና።»